ችፌና ጎረቤት

ደባርቅ ውስጥ ሰው ፊት ክንድን ማከክ ምክር እንደ መጠየቅ ይቆጠራል። እጅጌን ሰብሰብ አድርጎ አንድ ሁለቴ ፈተግ ፈተግ ማድረግ ይበቃል፤ ከጎን የተቀመጠው ሰው ዞር ብሎ፣ "እረግ እኔን! ምን ሆነህ ነው?" ይላል። ጥያቄው ግን መልስ አይጠብቅም፤ መልሱ አብሮት መጥቷል። "ምች ነው" ይላል አንዱ። "የለም፣ ደሙ ቆሽሾ ነው" ይላል ሌላው። ሦስተኛዋ ስኒዋን ረከቦቱ ላይ መልሳ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ዓይን ነው እንጂ" ትላለች። አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ ምርመራው ያልቃል። ቶናው ላይ መድኃኒቱ ይታዘዛል። በረካው ሲቀዳ ደግሞ ቅጠሉን ማን ከየት እንደሚያመጣ፣ ማን እንደሚወቅጠው፣ ለስንት ጧት በባዶ ሆድ እንደምትቀባው ተወስኗል። ለምን በባዶ ሆድ እንደሚቀባ የጠየቀ ሰው አላየሁም።

እኔ የክርኔ እጥፋት፣ ከጉልበቴ ጀርባና የእጄ ጀርባ ከልጅነቴ ጀምሮ ችፌ አለባቸው። በዚህ ሁሉ ዘመን የታዘብኩት፣ በሠፈራችን የመድኃኒት አዋቂ እጥረት ኖሮ እንደማያውቅ ነው። የሚያንሰው የበሽተኛው ክንድ ነው፤ ለሁሉም አዋቂ አይዳረስም።

ምክሩ ከመጉረፉ በፊት የሚያሳክከው ነገር የትኛው እንደሆነ ቢለይ መልካም ነበር። እከክ ሌላ ነው፤ ቆዳ ውስጥ ገብታ የምትቆፍር፣ በዓይን የማትታይ ተባይ ናት የምታመጣው። ሌሊት ይብሳል፣ የጣት መሀል፣ ብብትና ወገብ ይወዳል፤ ዋናው ምልክቱ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ማከኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እና 2016 በነበረው ድርቅ ጊዜ በክልላችን ተስፋፍቶ፣ ሕዝቡ በየቀበሌው እየተመረመረ አይቨርሜክቲን የተባለው ኪኒን የታደለው ለእሱ ነበር። ጭርት ደግሞ ፈንገስ ነው፤ ክብ ይሠራል፣ ዳሩ እየቀላ መሀሉ እየሻረ ይሰፋል። ችፌ ግን ከማንም አይያዝም፣ ለማንም አይጋባም። ሕፃናትን ጉንጫቸው ላይ ይጀምራቸዋል፤ ልጅ ሲያድግ ወደ ክርንና ወደ ጉልበት እጥፋት ይወርዳል፤ ብዙዎቹን አድገው ይተዋቸዋል፣ አንዳንዳችንን አይተወንም። ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ አስረድቻታለሁ። "ልክ ነህ ልጄ" ብላኝ፣ አሁንም ስኒዬን ለይታ ታስቀምጣለች። ሰው እንዳያይባት፣ እኔም እንዳልከፋ ተጠንቅቃ፣ በፍቅር ነው የምታደርገው። ዳሯ ሸረፍ ያለችው ስኒ የእኔ መሆኗን መንደሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ጥንቃቄዋ ብዙም አልረዳን።

ፈረንጅ ሲያሳክከው ምን እንደሚያደርግ ብትሰሙ ትስቃላችሁ። ተራራ ይወጣል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዳቮስ የምትባል ከተማ አለች፤ የዓለም ባለጸጎችና መሪዎች በጥር እየተሰበሰቡ የሚመካከሩባት ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,560 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ድሮ የሳንባ ሕሙማን አየሯን ፍለጋ ይሄዱባት ነበር፤ ኋላም ሆላንዶች አስምና ችፌ ያስቸገራቸውን ወገኖቻቸውን እየላኩ የሚያስታምሙበት ማዕከል ነበራቸው። አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ ፍራሽና ምንጣፍ ውስጥ ለምትራባውና አለርጂ ለምታስነሣው የአቧራ ተባይ አይመቻትም፤ ፀሐዩም ለቆዳ ይበጃል፤ የቆዳ ሐኪሞች ራሳቸው ለከባድ ችፌ የጨረር መብራት ያዝዛሉ።

እንግዲህ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። እኛ ገና ከአልጋችን ሳንወርድ ሁለት ዳቮስ ሊሞላልን ጥቂት ነው የቀረን። ከፍታ ብቻውን የሚፈውስ ቢሆን ኖሮ ሳንቃበርና ችነቅ በሚባሉት ካምፖች የሚያድሩት የፓርካችን ጠባቂ ስካውቶች ቆዳቸው ሐር በሆነ ነበር። እኔ ግን አንዱን ስካውት ጠብመንጃውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ ጀርባውን ከአስታ ግንድ ጋር እያፋተገ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እፎይ ሲል አይቼዋለሁ። ቱሪስቶቹ ግን ካሜራቸውን ያነጣጠሩት ጭላዳዎቹ ላይ ነበር። ጭላዳ በዚህ ነገር ከእኛ ይሻላል መሰለኝ። ሣር ሲነጭ ይውልና ተራ በተራ ተቀምጦ አንዱ የሌላውን ጠጉር ይፈትሻል፤ መርምሮ ያገኘውን ያነሣል፤ ምክር አይሰጥም።

የዳቮሱ ሰው የሚያገኘው ተራራውን ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሙቅ ክፍል አለው። በሰዓቱ መጥታ ቅባቱን የምትቀባው ነርስ አለችው። ከአለቃው፣ ከቤት ኪራዩና ከጎረቤቱ ርቋል። ለእኛ የደረሰን ተራራው ብቻውን ነው።

የእኛ ተራራ ደግሞ አመሉ ይታወቃል። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ቀን ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ማታ ውርጩ ያንሰፈስፋል። ቀዝቃዛ አየር እርጥበት አይችልም፤ ደርቆ ስለሚመጣ ያገኘውን ውኃ ሁሉ ይመጥጣል፣ ያውም ከቆዳችን። ጤነኛ ቆዳ ስብና ፕሮቲን ደራርቦ ውኃውን ውስጡ ያቆያል። የችፌ ቆዳ ግን በደንብ ያልተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ከውስጥ ሙቀቱ ይወጣል፣ ከውጭ ነፋሱ፣ ጭሱና አቧራው ይገባል። የገባው ነገር ቆዳውን ያስቆጣዋል፣ የተቆጣ ቆዳ ያሳክካል፣ የታከከ ቆዳ የቀረውን ልስን ያረግፋል። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል። በዚህ ላይ ለብርዱ ብለን የበግ ጠጉር ባና በራቁት ገላ እንጠመጥማለን፤ ባናው ብርዱን ይመልሳል፣ ጠጉሩ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይኮረኩራል።

ልስኑ ለምን እንደሚጎድል ፈረንጆች አንድ ሰበብ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ስኮትላንድ የሚገኘው የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ሲበላሽ ሰውን ለችፌ እንደሚያጋልጥ አሳዩ። እኛም "የጂን ነገር ነው፣ ምን ይደረግ" ብለን ልናርፍ ስንል፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር የኢትዮጵያውያን ሕሙማንን ጂን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2011 አሳተሙ። አውሮፓ ውስጥ የታወቁት ብልሽቶች በእኛ ሰዎች ላይ አልተገኙም፤ አንድ ሰው ላይ ብቻ ሌላ አዲስ ዓይነት ተገኘ። የፈረንጅ ሰበብ ሳይቀር ለእኛ አልሆነም ማለት ነው። ችፌው ግን በቤተሰብ ውስጥ መውረዱን አልተወም፤ ከአስምና ከአለርጂ ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው። አባቴ አቧራ ባየ ቁጥር ያስነጥሳል፣ ዳባት ያለችው አክስቴ አስም አለባት፣ እኔ አክካለሁ። ከአያታችን መሬት በቀር ያለ ጠብ የተከፋፈልነው ውርስ ይህ ነው ልል ነበር፤ መሬቱም ቢሆን አጣልቶናል።

አክስቴን ካነሣሁ አይቀር፣ ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ቀበሌ ለቀቀ እያለ ቤት ለቤት ይመዘግባል። በዚህ የተነሣ የዳባት ሰው ሲጠየቅ አይደነግጥም፤ አንዳንዱማ ሳይጠየቅም ይመልሳል። አክስቴ ለመዝጋቢው የቤተሰቡን ልክ ነግራ ስታበቃ፣ "ደባርቅ ያለ የወንድሜ ልጅም ችፌ አለበት፣ ጻፍልኝ" ትለው ነበር። "እማማ፣ እዚህ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም" ሲላት፣ "ታዲያ ዳር ዳሩን ጻፈዋ" ትለዋለች።

ወደ መድኃኒቶቹ እንምጣ። ቀዳሚው የደጋችን ነጭ ሽንኩርት ነው። ለጉንፋኑም፣ ለሆድ ቁርጠቱም፣ ለወጡም ስለሚሆን ለቆዳስ ለምን አይሆንም ብለው ያስባሉ። አይሆንም። ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ቆዳ ላይ ታስሮ ሲያድር እሳት እንደነካው ያቃጥላል፤ ያጎቴ ልጅ ክርኑ ላይ አስሮ ተኝቶ፣ በማግሥቱ ችፌውም ነበረ፣ የሽንኩርቱም ቁስል ተጨምሮበት ነበር፣ ሽታው ደግሞ ከሁለቱም በላይ ነበር። ያዘዘችለት ወይዘሮ ቁስሉን አይታ፣ "አየህ፣ መርዙን ሲያወጣው" አለችው። መድኃኒቱ ቢሠራም ሠራ፣ ባይሠራም ሠራ የሚያሰኝ መልስ ስለሆነ እስከ ዛሬ የሚረታት አልተገኘም።

ጤና አዳምን ቡናችን ውስጥ እንወደዋለን፤ ቆዳ ላይ ግን የሚያጠምድ ቅጠል ነው። ጭማቂውን ቀብቶ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሰው ቆዳው ውኃ ቋጥሮ ያብጣል፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኝ ያቃጥላልና። በደባርቅ ፀሐይ ላይ ደግሞ አስቡት። እንዶድም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው ነው የቢልሃርዝያን መከላከያ ፍለጋ የጀመሩት። ቀንድ አውጣ የሚገድል አረፋ የተሰነጠቀ ክርን ላይ ምን ሊሠራ እንደሚችል መገመት ሐኪም መሆን አያሻም። ለቡሉኮ ይሁን። እሬት ይሻላል፤ ግን ከልጡ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ያሳክካልና እሱ ተንጠፍጥፎ መሀል ያለው ጥርት ያለው ዝልግልግ ብቻ ነው የሚፈለገው። በርዶ ሲቀባ ለጊዜው ያረጋጋል።

ቅቤ ግን የራሱ ምዕራፍ ያስፈልገዋል። ከእናቴ ጋር ስለ ቅቤ መከራከር ከሃይማኖት መውጣት ነው። "አንተን ያሳደገህ ምን ሆነና!" ትላለች። እውነቷን ነው፣ ለጋ ቅቤ ስብ ነው፤ ስብ የቆዳውን ውኃ ይከድናል፤ ለሺህ ዓመት እናቶቻችን የሕፃን ገላ ያሹበት አለነገር አይደለም። ችግሩ ቅቤ ብቻውን አይመጣም። ወተቱ አለበት፣ ሲከርም ይሻግታል፣ ከጓዳ የተነሣው ደግሞ ኮሰረትና ኮረሪማ ገብቶበት የተነጠረ ስለሚሆን የተሰነጠቀ ቆዳን እንደ ዶሮ ወጥ ያጣፍጠዋል። የዝንቡን፣ የድመቱን፣ የጎረቤቱን ውሻ ድንገተኛ ፍቅር አልናገርም። ሐኪሞች ለሕፃናት ሌላም ሥጋት ይጨምራሉ፤ በተቆጣና በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል የገባን የምግብ ፕሮቲን ሰውነት በጠላትነት ሊመዘግበው፣ ኋላ ልጁ ሲበላው ሊያስቆጣው ይችላል። እናቴ ይህን ስነግራት የተቀበለችው በግማሽ ነው፤ "እንግዲያው በሁዳዴ ትተወዋለህ" አለች። ነገሩ ወደ ንስሐ አባታችን ሄደ። እሳቸውም ትክ ብለው አይተውኝ፣ "የሚጾመው አፍህ ነው ወይስ ክርንህ?" አሉኝ። በዚህም ነጭ ቅባትም ቢጫ ቅባትም በአንድ ቃል ተፈቀደ።

ጾምን ካነሣን፣ የምግብ ክልከላውን በተመለከተ ከማንም አገር የተሻለ ማስረጃ እኛ ዘንድ አለ። ሠፈሩ ሁሉ የየራሱን ይከለክላል። እንቁላል ያግላል፣ ወተት ያሳክካል፣ ሥጋ ደም ያበዛል፣ በርበሬ ያነዳል፣ ቲማቲም ጠላት ነው፣ ጠላ ያባብሳል። ሁሉንም የሰማ ሰው የሚቀረው ውኃ ነው፣ እሱንም ቀዝቃዛ እንዳትጠጣ ይሉታል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። 55 ቀን ሙሉ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ሥጋ ሳይቀምስ የከረመ ሰው ክንዱ ያው ከሆነ፣ የፋሲካው ዶሮ የተከሰሰችበት ነገር ሐሰት ነበር ማለት ነው። የአዋቂ ችፌ አብዛኛውን ጊዜ ከሳህን አይመጣም። ለሕፃናት ይለያል፤ በአንዳንዶቹ እንቁላል ወይም የላም ወተት በእርግጥ ያስነሣባቸዋል፤ እሱ ግን በቡና ላይ ድምፅ ተሰጥቶበት ሳይሆን በሐኪም ተመርምሮ የሚወሰን ነው። ልጅን በግምት ከእንቁላልና ከወተት አግዶ ማክሳት ከችፌው ይከፋል።

ከደጋችን እህል ውስጥ በእርግጥ የሚጠቅመው ማንም ያልመከረኝ ነው፤ አጃ። ገብሱ መሀል ሳይዘሩት የሚበቅለው፣ ለአራስ አጥሚት የሚሆነው ያው አጃ። ልሞ እንደ ዱቄት ደቅቆ ተነፍቶ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሲበጠበጥ ውኃው ወተት ይመስላል፤ ቆዳው ላይ ስስ ሽፋን ይተዋል፤ ማሳከክን የሚያበርዱ አቬናንትራማይድ የተባሉ ንጥረ ነገሮችም አሉት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2003 ቆዳ ከሚጠብቁ መድኃኒቶች ተራ ያስገባው ይህንኑ የአጃ ዱቄት ነው። ሳፋ ሙሉ የአጃ ውኃ ውስጥ ቁጭ ብዬ እናቴ ያገኘችኝ ዕለት ግን የአሜሪካ ባለሥልጣን ሊያድነኝ አልቻለም። "እህል ላይ ይቀመጣል? እህል ላይ?" አለች፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና። የእርቁ ውል ቀላል ነበር። አጃው በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ይቋጠራል፤ ቋጠሮው ለብ ያለው ውኃ ውስጥ እየተጨመቀ ቆዳው ላይ ይንጠባጠባል፤ የቀረው አሠር ለዶሮ ይሰጣል። ዶሮዎቹ እስካሁን አላከኩም።

ጠበሉን በተመለከተ ከማንም አልከራከርም። በደባርቅ ማለዳ ጠበል የገባ ሰው ማሳከኩን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ለጊዜው ይረሳል፤ ቅዝቃዜ የማሳከክን ስሜት እንደሚያደነዝዝ ሐኪሞችም ይመሰክራሉ፣ ከማከክ ይልቅ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ጫን አድርጉበት ይላሉ። ከጠበሉ ወጥቶ፣ ተጠራርጎ፣ ቅባት መቀባትን የከለከለ ቄስም አልገጠመኝም።

የምፈራው ቱቦውን ነው። በየከተማው፣ ከመዋቢያው መደርደሪያ ላይ፣ ከሊፒስቲኩ አጠገብ፣ ፊት ያጠራል እየተባለ የሚሸጥ ትንሽ ቱቦ አለ። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ክሎቤታዞል የሚል ከተጻፈበት ከቆዳ ስቴሮይዶች ሁሉ ብርቱው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተአምር ይሠራል። ሰውየው ለጎረቤቱ ይነግራል፣ ጎረቤቱ ለአማቱ፣ አማቱ ለልጅ ልጇ ጉንጭ። በወራት ውስጥ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ከሥር ይታያል፣ ብጉር ይፈላል፤ ድንገት ሲያቆሙት ደግሞ ችፌው እልኸኛ ሆኖ ይመለሳል። ስቴሮይድን ራሱን ግን መኮነን አይገባም። ሃይድሮኮርቲዞን እ.ኤ.አ. በ1952 ለቆዳ መዋል ከጀመረ ወዲህ የችፌን ቁጣ ለማብረድ ስቴሮይድን የሚስተካከል የተገኘው ጥቂት ነው፤ ፊትና የሕፃን ቆዳ ለስላሳውን ይፈልጋል፣ የወፈረ የእጅ ቆዳ ጠንከር ያለውን ይችላል፣ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ሐኪሙ ያውቀዋል። ልኩም ተለክቷል። ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ተዘርግቶ የሚወጣው ክሬም ጣቶቹን ጨምሮ የሁለት መዳፍ ስፋት ላለው ቆዳ ይበቃል። አንዱ ወገን እንደ ቅቤ ይመርገዋል፣ ሌላው ወገን "ስቴሮይድ" የሚለውን ቃል ሰምቶ በመርፌ ጫፍ ያስነካዋል፤ ሁለቱም ተገናኝተው አይሠራልንም ይላሉ።

እኔ የምኖርበት ሥርዓት ይህን ሁሉ ካሳለፍኩ በኋላ የቀረው ነው፤ ለመንገር እንኳ ያሳፍራል፣ ወግ አይወጣውም። ለብ ባለ ውኃ ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ መታጠብ፤ የሚያቃጥል ውኃ ሲያፈሱት እሰይ ያሰኛል፣ ማታ ያስከፍላል። ሽታ የሌለው ሳሙና፣ እሱም ለብብትና ለእግር ያህል፤ የዱቄት ሳሙና ለልብስ ብቻ፣ ያውም በደንብ ተለቅልቆ። መፈግፈጉን ትቶ በነጠላ ጫን ጫን ማድረግ፣ ከዚያ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ ቅባት። ጥፍር አጭር። ከባናው ሥር የጥጥ ልብስ። የሊማሊሞን ቁልቁለት ወደ ዛሪማ ለሚወርድ ሰው ደግሞ እርጥብ መሐረብ፤ ጧት በውርጭ ተነሥቶ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቆ ወደ ቆላው ሲወርድ ላቡ ችፌው ላይ ጨው ይሆናል፣ አጠገቡ ያለው ተሳፋሪም መንገዱን በሙሉ መድኃኒት ይነግረዋል።

ሦስት ደቂቃ የምትለዋ ነገር የተጻፈችው ማሞቂያ ባለው ቤት ነው። ደባርቅ ላይ ማታ ገላውን የታጠበ ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚያስበው ብርድ ልብስ እንጂ ቅባት አይደለም። ቫዝሊኑም ቢሆን በብርዱ ደርቆ እንቢ ይላል፤ በጣት ሲጭሩት ይቧጭራል። ስለዚህ ከመታጠቤ በፊት ቆርቆሮውን ብብቴ ሥር አድርጌ አሞቀዋለሁ። እንግዳ ድንገት ሲገባ አንድ ክንዴን ጥብቅ አድርጌ ይዤ ስለምቆም፣ ትከሻዬን የሚያመኝ መስሏቸው ለእሱም ያዘዙልኝ አሉ።

ቫዝሊን ከቅባት ሁሉ ርካሹ፣ ሽታ አልባውና ከአለርጂ የራቀው ነው። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1872 በስሙ ያስመዘገበው ከነዳጅ ጉድጓድ ዝቃጭ አጣርቶ ነው፤ ይህ ሰው በየቀኑ አንድ ማንኪያ ይውጥ እንደነበረ ይነገርለታል፣ 96 ዓመትም ኖሯል። ለእናቴ ነግሬአት፣ "ቅቤ ቢበላ መቶ ይሞላ ነበር" ብላለች። ዘይት የሚመርጥ ካለ የፈረንጅ ሱፍ ዘይት ይሁን፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ በሰው ክንድ ላይ ሲፈተን የወይራ ዘይት የቆዳውን ልስን ጎዳ፣ የሱፉ ግን አልጎዳም። አንድ ነገር ግን ቀልድ የለበትም። ቫዝሊን የጠጣ ጋቢ ወይም አንሶላ እሳት ከያዘው በፍጥነት ይነዳል፤ ተቀብቶ ምድጃና ከሰል ላይ ተደፍቶ የሚሞቅ ሰው ይጠንቀቅ፣ ልብሱንም ቶሎ ቶሎ ይጠብ። ችፌው ውኃ ቋጥሮ ቢጫ ቅርፊት ከሠራ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ብዙ ትንንሽ ቁስሎች ባንድ ጊዜ ከፈነዱ ደግሞ ቆርቆሮውን አስቀምጦ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ባስ ሲል የቆዳ ሐኪም ያለበት ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ባለፈው በጋ ክንዴ አምሮበት ከረመ። ባለነጭ ሽንኩርቷ ወይዘሮ "ያኔ የነገርኩህ ነው" አለችኝ፤ አልተቀባሁትም ብላት፣ "ሽታው ቤት ውስጥ ካለ ይበቃል" አለች። እናቴ የልጅነት ቅቤዬ ዘግይቶ መሥራቱን ተናገረች። አክስቴ ከዳባት ደውላ፣ እሷ ካስመዘገበችልኝ በኋላ እንደተሻለኝ አስታወሰችኝ። ስለ ቫዝሊኑ ቃል የተነፈሰ ሰው የለም፤ ማንም ሄዶ ከገደል ያላመጣው፣ ማንም ያልወቀጠው መድኃኒት ተቆርቋሪ የለውም።

ኋላ ግን አንድ ማታ ጎረቤቴ ተረከዟ በውርጩ ተሰነጣጥቆባት መጣች። "እስቲ ያችን ነገር የጣትህን ጫፍ ያህል" አለችኝ። ሰጠኋት። በማግሥቱ ስኒ አስይዛ ልጇን ላከች፤ ስኒዋ ሸራፋዋ ናት። በሦስተኛው ቀን ባሏ ለበሬው ትከሻ ጠየቀኝ፤ ቀንበር ልጦታል አለ። ከዚያ የስካውቱ ሚስት ለሕፃኗ ጉንጭ መጣች፣ እሷን ደስ ብሎኝ ነው የሰጠኋት። የእንግሊዝ ሐኪሞች ቆዳው በሰፊው ለደረቀ አዋቂ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ቅባት ይመክራሉ። ይህን ስሰማ ድሮ የተጋነነ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሒሳቡን ሲሠሩ ጎረቤት ማስገባት እንደረሱ ነው የሚገባኝ።